የንግድ ጉድለታችንን ቀድመው ያዩት ነጋድራስ

ዜና ላይ «የንግድ ጉድለት» ሲባል ትዝ የሚሉኝ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የዓድዋ ልጅ ናቸው፤ ምጽዋ ላይ የገቡባት መርከብ ይዛቸው ሄዳ አውሮፓ ቀሩ ይባላል፣ በርሊንም ተማሩ። ይኼ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል! እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ስማር አዳም ስሚዝን ስሸመድድ ስማቸውን ያነሳልኝ አልነበረም።

ኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ። በጅቡቲው ባቡር ቡናና ቆዳ ይወጣል፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይገባል። እሳቸው የሚያሰሉት ብሩን ብቻ አልነበረም፤ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እየለወጠ ይከስራል ባይ ናቸው። እኛ አታቶች አጣና ጭነን ልከን ጠረጴዛውን ከከተማ እንደምንገዛው በሉት። መፍትሔያቸው ዕውቀት ነበር፤ ሥርዓት ያለው ቀረጥም ጭምር።

በ1911 ዓ.ም. ገና በ30ዎቹ ሳሉ ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፋቸው የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው።