ፋኒ ሄንዝል፦ ሚስት፣ እናትና የዜማ ደራሲ

በዚህ እትማችን የሕይወት ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ሴት ስሟ በቅዱሳን መዝገብ የሰፈረ አይደለም፤ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ልጅም አልነበረችም። ፋኒ ሜንደልሶን ሄንዝል ጀርመናዊት የዜማ ደራሲ፣ ሚስትና የአንድ ልጅ እናት ነበረች። ብዙ ሰው የሚያውቀው ታናሽ ወንድሟን ፌሊክስ ሜንደልሶንን ነው፤ በየሠርጉ አዳራሽ የሚሰማው የታወቀው የሙሽሮች ማርሽ የእርሱ ድርሰት ነውና። እኛ ግን በድንገት ከቤቷ ስለ ተለየችው እኅቱ ልንናገር ወደድን። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፋኒ ኖቬምበር 14 ቀን 1805 ዓ.ም. በሃምቡርግ ከተማ ተወለደች። አያቷ ስመ ጥሩው አይሁዳዊ ፈላስፋ ሙሴ ሜንደልሶን ሲሆን፣ አባቷ አብርሃም የባንክ ባለቤት ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ በርሊን ከተዛወረ በኋላ በ1816 ዓ.ም. ልጆቹ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። ፋኒና ፌሊክስ በአንድ መምህር እግር ሥር ሙዚቃ ተማሩ። እርሷም ገና በ13 ዓመቷ አባቷን ለማስደሰት የባኽን 24 የፒያኖ መቅድሞች በቃሏ አጥንታ ተጫወተችለት። ሆኖም በ1820 ዓ.ም. አባቷ በጻፈላት ደብዳቤ ሙዚቃ ለፌሊክስ ምናልባት የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደሚችል፣ ለእርሷ ግን ጌጥ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አሳሰባት። ይህን አባት ጨካኝ ነው ልንለው አንደፍርም፤ ለሴት ልጁም ቢሆን ምርጥ መምህራንን የቀጠረ ሰው ነው። ነገር ግን ትዳርና ተሰጥኦ በአንዲት ሴት ውስጥ ሳይጣሉ ሊያድሩ እንደሚችሉ አልታየውም። ይህን ያየው ባሏ ነው።

ቪልሄልም ሄንዝል ሠዓሊ ነበር። ለአምስት ዓመት ያህል ለትምህርት ሮም በቈየበት ጊዜ የፋኒ እናት ደብዳቤ መጻጻፍን ስለ ከለከለቻቸው፣ እርሱ ሥዕል እየሣለ ይልክ ነበር። ኦክቶበር 3 ቀን 1829 ዓ.ም. ተጋቡ። ለሠርጉ የኦርጋን ድርሰት ሊልክ ቃል የገባው ፌሊክስ ለንደን ውስጥ በሠረገላ አደጋ ጕልበቱን ስለ ተጎዳ፣ ሙሽራይቱ በሠርጓ ዋዜማ ምሽት ተቀምጣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የሚሰማውን ዜማ ራሷ ደረሰች። ቪልሄልም የሙዚቃ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በየማለዳው ወደ ሥዕል ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በፒያኖዋ ላይ ባዶ የኖታ ወረቀት ያኖርላት እንደ ነበር ይነገራል። ስለ ባልና ሚስት መተጋገዝ ለምናስተምር ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

በ1830 ዓ.ም. ልጃቸው ተወለደ፤ ባኽን፣ ቤትሆቨንንና ወንድሟን እንዲያስታውስ ሰባስትያን ሉድቪግ ፌሊክስ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ፋኒ በላይፕሲግ ጎዳና በሚገኘው የቤተ ሰቡ ቤት የእሑድ ሙዚቃ ዝግጅት መምራት ጀመረች። መዘምራንን አሠልጥና እየመራች፣ ፒያኖውንም ራሷ እየተጫወተች እንግዶቿን ታስተናግድ ነበር፤ ከእንግዶቿም አንዱ ፍራንዝ ሊስት ነበር። በዚያው በ1831 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ በርሊንን ሲመታ ለሞቱት መታሰቢያ የሚሆን፣ ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ታላቅ የመዘምራን ድርሰት ጻፈች።

በሕይወቷ እጅግ የተደሰተችበት ጊዜ ከ1839 እስከ 1840 ዓ.ም. ከባሏና ከልጅዋ ጋር ጣልያን አገር የቈየችበት ነው። በሮም በሰሙነ ሕማማት የሲስቲና ጸሎት ቤት መዘምራንን ዝማሬ በጥሞና አዳመጠች። እዚያም ሻርል ጉኖ ከተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ካቶሊክ ጋር ተዋወቀች፤ ፒያኖ እየተጫወተች የባኽን ሙዚቃ አስተዋወቀችው። ይህ ጉኖ ከዓመታት በኋላ በባኽ መቅድም ላይ የተመሠረተውን የእመቤታችንን ዜማ፣ አቬ ማሪያን፣ የደረሰው ሰው ነው፤ ዛሬ የቫቲካን መዝሙር የሆነውም ዜማ የእርሱ ድርሰት ነው። ፋኒ ወደ በርሊን ከተመለሰች በኋላ በ1841 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለቱን ወራት በተራ የሚያሰማ የፒያኖ ድርሰት ጻፈች። በንጹሕ በተገለበጠው ጽሑፍ ላይም ባሏ ለየወሩ ሥዕል ሣለላት።

ፌሊክስ እኅቱን ከልቡ ቢወድም ድርሰቶቿን በስሟ እንድታሳትም አልፈለገም። ከዘፈኖቿ ስድስቱ በእርሱ ስም ታትመው ነበር። በ1842 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ከመጽሐፉ አንዱን መርጣ ስትዘምርለት፣ ዘፈኑ የእኅቱ መሆኑን መናዘዝ ግድ ሆነበት። በመጨረሻ በ1846 ዓ.ም. ፋኒ ባሏ እያበረታታት ድርሰቶቿን በራሷ ስም ማሳተም ጀመረች፤ ዕድሜዋም 40 ዓመት ነበር። ወንድሟም ዘግይቶ ምርቃቱን ላከላት።

ይህ ደስታ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ሜይ 14 ቀን 1847 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ ለእሑዱ ዝግጅት የወንድሟን ድርሰት ከመዘምራኑ ጋር እያለማመደች ሳለ እጆቿ በድንገት አልታዘዝ አሏት። እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞም ያጋጥማት ስለ ነበር እጆቿን በሆምጣጤ ለማሸት ወደ ሌላ ክፍል ሄደች፤ ልምምዱም ቀጥሎ ነበር። እርሷ ግን ወደ ፒያኖዋ አልተመለሰችም። በአንጎሏ ደም ፈስሶ ራሷን ሳተች፣ በዚያው ሌሊትም ዐረፈች። ባለፈው ቀን ጽፋ የጨረሰችው ዘፈን የመጨረሻ ኖታና ቃል በርሊን በሚገኘው መቃብሯ ላይ ተቀርጾ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ፈረሰ ማለት ይቻላል። ቪልሄልም ብሩሹን ሊተው ምንም አልቀረውም። ልጇ ገና 17 ዓመት አልሞላውም ነበርና ወደ አክስቱ ቤት ሄደ። ፌሊክስ መርዶውን ሲሰማ ጮኾ ወደቀ፤ በዚያ ክረምት በኀዘን የተሞላ የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ድርሰት ጻፈ፣ ኖቬምበር 4 ቀን ደግሞ እርሱም ሞቶ በጎኗ ተቀበረ። ቪልሄልም በ1861 ዓ.ም. የሞተው በሠረገላ ሊዳጥ የነበረ ሰው ሲያድን በደረሰበት ጉዳት ነው። ሰባስትያን አድጎ የቤተ ሰቡን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎ በ1879 ዓ.ም. አሳተመ፤ ዓለም እናቱን ያወቃት በአብዛኛው በዚህ መጽሐፍ ነው።

ፋኒ ከ450 የሚበልጡ ድርሰቶችን ትታለች። ከእነዚህ አንዱ በ1828 ዓ.ም. የጻፈችው የፋሲካ ሶናታ ሲሆን፣ የጌታችንን ሕማማት አስታውሶ፣ የምድርን መናወጥ አሰምቶ፣ በእግዚአብሔር በግ ዝማሬ ያበቃል። ጽሑፉ በ1970 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ሲገኝ የፌሊክስ ነው ተባለ። በ2010 ዓ.ም. አንዲት ተመራማሪ እጅ ጽሑፉን መርምራ የፋኒ መሆኑን አረጋገጠች፤ ማርች 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በደራሲዋ ስም ለሕዝብ ተሰማ።