ባሮንና 160 ሚሊዮኑ ኩፖን

ዘንድሮ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ መቶኛ ስንማር አንድ ጥያቄ ቀረበልን። በየ45 ቀኑ 50 በመቶ ትርፍ ለሚከፍል ሰው 100 ዶላር ብንሰጥና ትርፉንም ሳናነሳ ብንተውለት፣ በዓመቱ ስንት ይሆናል? ሠርተን ያገኘነው ከ2,500 ዶላር በላይ ነው። ሳቅን። ያልሳቁም ነበሩ፤ ቤተሰቦቻቸው በስልክ የመጣ እንዲህ ያለ ተስፋ አምነው ያጠራቀሙትን አጥተዋል። የክላረንስ ባሮንን ታሪክ ለዚህ መጽሔት የመረጥነው ስለዚህ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሮን በ1855 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በከተማዋ ጋዜጦች በሪፖርተርነት ሠሩ፤ በ1887 ደግሞ የገንዘብና የንግድ ወሬ ብቻ የሚያቀርብ የዜና ድርጅት አቋቋሙ። በ1902 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለውን ጋዜጣ የሚያሳትመውን ዳው ጆንስ ኩባንያን ገዙ። አጭርና በጣም ወፍራም ሰው ነበሩ።

በ1920 ክረምት ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ከጣሊያን የመጣ ሰው ቦስተንን አናወጠ። ከውጭ አገር የፖስታ ኩፖን በርካሽ ገዝቶ፣ አሜሪካ ውስጥ በቴምብር ለውጦ እንደሚያተርፍ ይናገር ነበር። በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ የሚለው ተስፋ የእሱ ነው። ቢሮው ስኩል ስትሪት ላይ ነበር፤ የትምህርት ቤት መንገድ ማለት ነው፣ ስሙ ገርሞናል። ሰው በዚያ መንገድ ተሰልፎ ገንዘቡን ያስረክብ ነበር። ቦስተን ፖስት የተባለው ጋዜጣም ስለ ፖንዚ ሀብት የሚያሞካሽ ጽሑፍ በሐምሌ አወጣ።

የጋዜጣው ኃላፊ ሪቻርድ ግሮዚየር ግን ልባቸው ስላላመነ ባሮን ነገሩን እንዲመረምሩ ተጠየቁ። ባሮን ያነሱት ቀላል ነገር ነው። ፖንዚ ገንዘብን እንዲህ በፍጥነት ማብዛት ከቻለ፣ የራሱን ገንዘብ ለምን በዚያው ሥራ ላይ አያውለውም? ደግሞስ ለተሰበሰበው ገንዘብ ሁሉ 160 ሚሊዮን ያህል ኩፖን ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ የነበረው ግን 27,000 ያህል ብቻ ነው።

ሒሳቡ በጋዜጣ ወጣ። ሕዝቡም ገንዘቡን ለማውጣት ጎረፈ፤ ፖንዚ ለተሰለፉት ቡናና ዶናት አቀረበላቸው፣ ለጠየቁትም ከፈለ። ብዙዎች ይህን አይተው ልባቸው ተመለሰና ገንዘባቸውን እዚያው ተዉት። ብዙ የተከራከርነው በዚህ ቦታ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሲከፈለው በዓይኑ ያየ ሰው ቁጥር ቢነግሩት እንዴት ያምናል? ለጎረቤቱ የተከፈለው ግን ከኋላ የመጣው ሰው ያስገባው ገንዘብ ነበር። ከመካከላችን አንዱ እቁብም እንዲሁ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደለም፤ በእቁብ ዕጣ የወጣለት የሚወስደው ያንኑ የሚጥለውን ነው፣ ትርፍ የለውም፤ ዳኛውንም ጸሐፊውንም ሁሉም ያውቃቸዋል።

ቦስተን ፖስት አልተወም። ፖንዚ ቀድሞ በካናዳ በሐሰተኛ ሰነድ ታስሮ እንደነበር በነሐሴ አጋለጠ፤ ሰውየውም ወዲያው ተያዘ። ገንዘባቸውን ያስገቡት የተመለሰላቸው ከግማሽ በታች ነው።

በ1921 ጋዜጣው ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ የጋዜጣው እንጂ የባሮን አይደለም። ሲያሞካሽ የነበረ ጋዜጣ መሸለሙ ቅር ያለን ነበርን፤ በመጨረሻ ግን ስሕተቱን በራሱ ገጽ ማረሙ ይበልጣል አልን።

ባሮን በዚያው ዓመት በስማቸው የሚጠራውን ሳምንታዊ የገንዘብ ጋዜጣ ጀመሩ። በ1928 አረፉ፤ ትልቁ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት የደረሰው በዓመቱ ነው። ፖንዚ ከእስር በኋላ በ1934 ወደ ጣሊያን ተባረረ። አክሲዮን ገዢዎችን የሚጠብቀው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያው በ1934 ነበር።