ያኮቢና የኔቫ ወንዝ ጀልባ

ሞሪትዝ ኸርማን ያኮቢ እ.ኤ.አ. በ1801 ዓ.ም. በበርሊን አጠገብ በምትገኘው በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። ወንድሙ ካርል ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ሞሪትዝ የሕንፃ ሥራ ተምሮ በዚሁ ሙያ ይተዳደር ነበር። ልቡ ግን ያዘነበለው ወደ ኤሌክትሪክ ነበር።

በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት ከሞከሩት ብዙዎቹ የእንፋሎቱን ሞተር አርአያ በመከተል፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ መሣሪያ ያበጁ ነበር። ያኮቢ ይህን አልተቀበለም። በ1834 ዓ.ም. በኬኒግስበርግ ከተማ የማግኔትን ኃይል በቀጥታ ወደ መሽከርከር የሚለውጥ ሞተር ሠራ። የሞተሩ ጉልበት 5 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ቀስ አድርጎ ከማንሣት አያልፍም ነበር፤ ሆኖም ዝናው ከሩሲያ ደረሰ።

ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ቀዳማዊ ኤሌክትሪክ መርከብ ሊነዳ ይችል እንደሆነ እንዲመረመር ገንዘብ ፈቀደ፤ አድሚራል ክሩዘንሽተርን የሚመራው ኮሚሽንም ተቋቋመ። በመስከረም 1838 ዓ.ም. ርዝመቷ 8 ሜትር ተኩል የሚሆን ጀልባ ከ10 በላይ ሰዎችን አሳፍራ በፒተርስበርግ በኔቫ ወንዝ ላይ ተንቀሳቀሰች። ኃይሉን የሚሰጡት ከዚንክና ከመዳብ የተሠሩ 320 ባትሪዎች ሲሆኑ፣ ሞተሩ በጎንና በጎን ያሉትን ቀዛፊ መንኰራኵሮች ያዞር ነበር። ፍጥነቷ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለ ነበር፣ በወንዙ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል።

በተከታዩ ዓመት ያኮቢ ፕላቲነም ያለባቸውን ብርቱ ባትሪዎች በመጠቀሙ ፍጥነቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ከባትሪዎቹ አሲድ የሚወጣው መርዛም ጢስ ተሳፋሪዎችን አስቸገረ። ከዚህም የባሰ ችግር ነበር። በእንፋሎት ሞተር ከሰል እንደሚነድ ሁሉ፣ በባትሪ ውስጥም ዚንክ እየሟሟ ያልቃል፤ ዚንክ ደግሞ ከከሰል እጅግ ይወደዳል። ጀልባዋ ብትሄድም ወጪዋ አያዋጣም ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ቆመ።

ያኮቢ በዚህ ተስፋ ቈርጦ አልተቀመጠም። አንድን ቅርጽ በኤሌክትሪክ አማካይነት በመዳብ የመቅዳትን ዘዴ አስቀድሞ በ1838 ዓ.ም. አስታውቆ ነበርና ይህን አስፋፋ፤ በቴሌግራፍና በባሕር ፈንጂ ላይም ሠራ። በ1874 ዓ.ም. በፒተርስበርግ ዐረፈ።

እርሱ ከሞተ ከ29 ዓመታት በኋላ፣ በ1903 ዓ.ም. ቫንዳል የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በዚያው በሩሲያ ተሠራች። በውስጧ የነበሩት የናፍጣ ሞተሮች ኤሌክትሪክ ያመነጩ ነበር፤ ኤሌክትሪኩም መቅዘፊያዎቿን እያዞረ በቮልጋ ወንዝ ላይ ይነዳት ነበር።