ጥላሁን ግዛው፤ የማይጨው ልጅ፣ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት

የሞቱ ሰዎችን ታሪክ የምንጽፈው ሙታኑን ለማመስገን ብቻ አይደለም፡፡ ምስጋናችን ለእነርሱ የሚጨምርላቸው፣ ነቀፋችንም የሚቀንስባቸው ነገር የለም፡፡ የምንጽፈው ትተውልን የሄዱት ሥራ ምን እንደ ነበረና ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉን እንደ ጣልነው ለማወቅ ነው፡፡ በዚህ እትም የጥላሁን ግዛውን ሕይወት የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ በግቢያችን ስሙን ያልሰማ ተማሪ ይገኛል ብለን አናምንም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቀው አሟሟቱን ነው፤ የቆመለትን ጉዳይ ግን ረስተነዋል፡፡

ጥላሁን የተወለደው በማይጨው ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወልድያን ካለፈ በኋላ ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳል፡፡ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተ ምዕራብ የላስታን ደጋ እያየ፣ ማሽላ የሞላውን ቆላ አቋርጦ አላማጣ ይደርሳል፡፡ ከዚያም የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ኮረምንና የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ ማይጨው ይገባል፡፡ በዚያን ዘመን የአስተዳደር አከፋፈል ማይጨው በትግራይ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በራያና አዘቦ አውራጃ ነበረች፤ ቆቦና አላማጣ ደግሞ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በራያና ቆቦ አውራጃ ሥር ነበሩ፡፡ ዛሬም ቆቦ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን ትገኛለች፡፡ አስተዳደሩ ሁለት ይሁን እንጂ የራያ ሰው ገበያው አንድ፣ ጋብቻው አንድ፣ ዝናብ ሲቀርም ረኃቡ አንድ ነበር፡፡

ይህ አገር መንግሥትን በምን መልኩ እንዳወቀው መመርመር ያስፈልጋል፡፡ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት የተደረገው በዚያው ምድር ነው፡፡ ከነጻነት በኋላም በ1935 ዓ.ም. የወያኔ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ የራያና የአዘቦ ገበሬ ከተካፋዮቹ አንዱ ነበር፡፡ ዐመፁን ለማብረድ በመስከረም 1936 ዓ.ም. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ የራያም ሕዝብ ብዙ መሬቱን በመወረስ ተቀጣ፡፡ እንግዲህ መንግሥት ወደ ቆላው ሲወርድ የሚታየው ግብር ሊሰበስብ ወይም ሊቀጣ ነበር፡፡ ከጎሊናና ከሆርማት ወንዝ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣው ገበሬ በራሱ ክንድ እንጂ በመንግሥት ገንዘብ አልነበረም፡፡ ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለማድረስ የሚመኝ የቆቦ ሰውም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ደሴ ማየት ነበረበት፡፡

ጥላሁን ግን የደኻ ልጅ አልነበረም፡፡ አባቱ ከአገሩ መኳንንት ወገን ሲሆኑ፣ በአባት የምትገናኘው እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የሐረሩ መስፍን የልዑል መኰንን ባለቤት ነበሩ፡፡ በዚያን ጊዜ ሹመትም፣ ደመወዝም፣ ርስትም የሚገኘው በዘመድና በደጅ ጥናት መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳዋል፡፡ ጥላሁን ደጅ መጥናት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ በሩ ተከፍቶለት ነበርና፡፡ አድልዎ ከሚጠቅማቸው ሰዎች መካከል ተወልዶ አድልዎን መቃወሙ ሕይወቱን ልናስበው የሚገባ ያደርገዋል፡፡ የተገፋ ሰው ቢጮኽ አያስደንቅም፤ ያልተገፋው ሲጮኽ ግን ሰሚው ቆም ብሎ ይጠይቃል፡፡

በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ በሰጡ ጊዜ ከተማሪው የተጠበቀው ምስጋና ነበር፡፡ ተማሪው ግን ከምስጋናው ጋራ ጥያቄም አቀረበ፡፡ በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ እያለ ወደ ፓርላማ ወጣ፡፡ በ1958 ዓ.ም. ለማኞችና ድኾች በሾላ ታጉረው የነበሩበትን ሁኔታ ተቃወመ፡፡ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ሰላማዊ ሰልፍን የሚያጠብ ዐዋጅ ሲወጣ ያንን ዐዋጅ ለመቃወም ተሰልፎ ከፖሊስ ጋራ ተጋጨ፡፡ በየኮሌጁ ተለያይተው የነበሩት የተማሪ ማኅበሮች በአንድነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረትን የመሠረቱት በዚህ ወቅት ነው፡፡

የዚህ ኅብረት ኀይል ከምን መጣ? መሣሪያ አልነበረውም፡፡ በሚኒስቴር ውስጥም ወዳጅ አልነበረውም፡፡ ሦስት ነገሮች ግን ነበሩት፡፡ አንደኛ፣ መሪዎቹን የሚመርጠው ተማሪው ራሱ ነበር፡፡ ሁለተኛ፣ «ስትራግል» የተባለ የራሱ መጽሔት ነበረው፡፡ ሦስተኛ፣ የተሸነፈው ወገን መሸነፉን ተቀብሎ በኅብረቱ ውስጥ ይቈይ ነበር፡፡ ለዚህ ሦስተኛው ምስክራችን ጥላሁን ነው፡፡ በ1961 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኰንን ቢሻው ተሸነፈ፡፡ ብዙ ተማሪ አቋሙ የበረታ መስሎት ፈርቶት ነበር፡፡ ጥላሁንም የራሱን ሌላ ማኅበር አላቋቋመም፤ ኅብረቱንም አላፈረሰም፤ ሥራውን ቀጠለ፡፡

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የተነሣው እንቅስቃሴ ስለ ትምህርት ነበር፤ በመሠረቱም ስለ መንግሥት ገንዘብ አወጣጥ ነበር፡፡ ትምህርት ቤቶቹ በአዲስ አበባ፣ በአሥመራና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ተከማችተው ነበር፡፡ ከመንግሥት ወጪ ከትላልቆቹ ድርሻዎች አንዱን የጦር ኀይሉና የጸጥታው ክፍል ይወስድ ነበር፡፡ ለገጠሩ የሚተርፈው ትንሽ ነበር፤ እርሱም ቢሆን በቅድሚያ የሚደርሰው በዙፋኑ አጠገብ ተናጋሪ ላለው አውራጃ ነበር፡፡ ተማሪዎቹ የትምህርት በጀት እንዲያድግና ትምህርት ለደኻው ልጅ እንዲዳረስ ጠየቁ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በየከተማው አብረዋቸው ተነሡ፡፡ የመንግሥቱ መልስ እስራት ሆነ፡፡ ጥላሁን፣ የወሎው ተወላጅ ዋለልኝ መኰንንና ሌሎችም ታስረው ተፈረደባቸው፤ በኋላም በምሕረት ተፈቱ፡፡

ከእስር የወጣውን ሰው ተማሪው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው፡፡ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን እንደ ተለወጠ ከዚህ እናያለን፤ መንግሥት ጥያቄውን በበጀት ባለ መመለሱ ትናንት የፈሩትን ሰው ዛሬ አስመረጠው፡፡ በዚያው ወር በ8 ቀን ዋለልኝ መኰንን በ«ስትራግል» ላይ ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ወጣ፡፡ ጽሑፉ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሚደግፈውም የሚነቅፈውም ብዙ ነው፡፡ ለእኛ አሁን የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥልጣንና ሀብት በአገሪቱ ውስጥ ለማን እንደሚታደል በግልጽ የሚከራከር መድረክ ቢኖር ይህ የተማሪ መጽሔት ነበር፡፡

አርባ አንድ ቀን አለፈ፡፡ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በምሽት ጥላሁን በአፍንጮ በር አካባቢ ሲሄድ በጥይት ተመታ፤ ሕይወቱም አለፈ፡፡ ተማሪው የጸጥታ ሰዎችን ጠረጠረ፤ መንግሥት ካደ፤ በፍርድ ቤት ቀርቦ የተፈረደበት ገዳይ የለም፡፡ በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ አምጥተው በክብር ሊሸኙት ተሰበሰቡ፡፡ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ጥሰው ገብተው ተኰሱ፡፡ በዚያ ዕለት የሞቱትን ቁጥር መንግሥትና ተማሪዎች በየፊናቸው ተናገሩ፤ ቁጥሮቹም እጅግ ይራራቃሉ፡፡ አስከሬኑን ከተማሪዎቹ እጅ ወሰዱት፤ ጥላሁንም ከዋና ከተማው ርቆ በትውልድ አገሩ በማይጨው ተቀበረ፡፡ ፕሬዚዳንት ሆኖ የሠራው ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነው፡፡

ከዚህ በኋላ የመጣውን ካልተመለከትን የጥላሁን ታሪክ ጎደሎ ይሆናል፡፡ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ መሪዎቹ ግማሾቹ ታሰሩ፣ ግማሾቹ ወደ ውጭ አገር ሄዱ፡፡ ኅብረቱ እንደ ቀድሞው በግልጽ ተሰብስቦ፣ በግልጽ ጽፎ፣ ባለሥልጣንን ለመጠየቅ ተቸገረ፤ ትግሉ ወደ ስውር ክበብ ገባ፡፡ በስውር ክበብ ውስጥ ደግሞ የተሸነፈ ወገን የሚቀመጥበት ወንበር የለም፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብረው የታሰሩ ወንድሞች በጠላትነት ተያይተው መገዳደላቸው ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው ብለን እናምናለን፡፡

በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት የልደት በዓል በድምቀት ተከበረ፡፡ በ1965 ዓ.ም. የቆቦ፣ የአላማጣና የኮረም መንገድ ዳር በረኃብተኛ ተሞላ፡፡ የራያ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ መኪና ወደሚያልፍበት ጎዳና ወጣ፡፡ ባለሥልጣኖች እያወቁ ደበቁት፡፡ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩ፤ ዓለም በሰፊው ያወቀው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው፡፡ ኅብረቱ ጠንክሮ ቢቆይ ረኃቡ አይደርስም ነበር አንልም፤ ዝናብ በማኅበር አይዘንብም፡፡ ነገር ግን ጠያቂ የተነሣበት አገር በጀቱን የሚመረምረው በሬሳ ቁጥር ነው፡፡

ደርግም ሥልጣን በያዘ ጊዜ ይህን አልሳተውም፡፡ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፡፡ ዘመቻው መልካም ሥራ ነበረው፤ ተማሪው ከከተማ ሲበተን ግን ኅብረቱም አብሮ ተበተነ፡፡ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በ1968 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በቦታው በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ፡፡ ስሙ ማኅበር ነው፤ ሥራው ግን የመንግሥትን ቃል ወደ ሠራተኛው ማውረድ ሆነ፡፡ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል የታገደው መጽሔታቸው እንዲመለስና የጸጥታ ኀይል ከግቢ እንዲወጣ የሚሉ ነበሩ፡፡ ከጥላሁን ሞት ከ31 ዓመት በኋላ ጥያቄው ገና እዚያው ነበር፤ በዚያም ጊዜ ደም ፈሰሰ፡፡

ማኅበር ሁልጊዜ በጥይት አይሞትም፡፡ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በጥቅም ነው፡፡ የሚጠይቀው አካል ከሚጠየቀው እጅ በጀት መጠበቅ ሲጀምር፣ መሪው በምርጫ መምጣቱ ቀርቶ በጥቆማ ሲመጣ፣ መጽሔቱ ከመታተሙ በፊት ለባለሥልጣን ሲታይ፣ ማኅተሙና ቢሮው ይቀራሉ እንጂ ማኅበሩ ሞቷል፡፡ እንዲህ ያለው ማኅበር ስለ ምግብ ቤትና ስለ መኝታ ክፍል ይናገር ይሆናል፤ ለአንዱ ወረዳ ሁለት መንገድ ተሠርቶ ለሌላው አንድ ጉድጓድ ውኃ ለምን እንዳልተቈፈረ ግን አይጠይቅም፡፡

ጥላሁንን ጣዖት ልናደርገው አንፈልግም፡፡ ዕድሜው አጭር፣ ሥራውም ጅምር ነበር፤ የእርሱ ትውልድ ብዙ መልካም ነገር እንደ ጠየቀ ሁሉ ብዙ ነገርም አበላሽቷል፡፡ ሊወረስ የሚገባው ግን ግልጽ ነው፡፡ የተከፈተለትን በር ትቶ በወንድሞቹ ድምፅ ተመረጠ፤ ሲሸነፍ ቈየ፤ ሲያሸንፍም የአገሩ ገንዘብ ለማን እንደሚወጣ ጠየቀ፡፡ ስለዚህ በመጪው ምርጫ ድምፃችንን ስንሰጥ፣ መዋጮ ስንከፍል፣ በዚህም መጽሔት ላይ ስንጽፍ፣ ከቆቦ ሜዳ ላይ ጎርፍ የሚጠልፈውን ገበሬ እናስብ፡፡ እኛ በተማርንበት ገንዘብ ውስጥ የእርሱ ግብር አለበት፤ ሒሳቡን የመጠየቅ ዕዳም በእኛ ላይ ነው፡፡