ጆርጅ ኢስትማንና የሲኒማ ፊልም

ባለፈው ዓርብ ነሲም ከሚገኘው ማደሪያችን ተሰብስበን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዱ ከአገር ቤት የደረሰውን ክብ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። አባቱ በወጣትነቱ የሲኒማ ማሽን ያንቀሳቅስ የነበረ ሰው ነው። ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉን የኮምጣጤ ሽታ ሞላው። በውስጡ የነበረው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ጠርዙ ተኮማትሯል። ለመሆኑ ይህ ሽታ ከየት መጣ? ፊልምስ ከምን ይሠራል? ማንስ ሠራው? እየተባባልን ስንከራከር አመሸን። መልሱን ስንፈልግ ከአንድ ሰው ሕይወት ላይ ስለ ደረስን፣ ለአንባብያን ይጠቅማል በማለት እነሆ አቅርበናል። ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጆርጅ ኢስትማን በ1854 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ተወለደ። አባቱ በ1862 ሲሞት እናቱ ተከራይ በቤቷ እያሳደረች ልጆቿን አሳደገች። ጆርጅ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ ቆይቶም በሮቸስተር ከተማ የባንክ ጸሐፊ ለመሆን በቃ። በ1877 ፎቶግራፍ ማንሣት ቢጀምር መሣሪያው አስቸገረው። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚነሣው በመስተዋት ላይ ሲሆን፣ መድኃኒቱ የሚቀባው እዚያው፣ የሚታጠበውም ሳይደርቅ ነበር። ኢስትማን ቀን በባንክ እየሠራ፣ ሌሊት በእናቱ ወጥ ቤት መድኃኒት እየቀመመ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ደረቅ መስተዋት ለመሥራት ቻለ። በ1881 ከሄንሪ ስትሮንግ ጋር ተሻርኮ ባንኩን ለቀቀ።

ብዙም ሳይቆይ ፈተና ገጠመው። በ1882 የሸጣቸው መስተዋቶች ብርሃን አልቀበል አሉ። ኢስትማን ዕቃውን ከነጋዴዎች መልሶ በሌላ ተካ፤ ምክንያቱንም ፍለጋ እስከ እንግሊዝ ተጓዘ። ጥፋቱ ከጄላቲኑ ሆኖ ተገኘ። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሙጫ ሲሆን፣ ብርሃን የሚሰማውን የብር ጨው ይዞ የሚያቆየው እርሱ ነው። ምስጢሩን በሙሉ የገለጸው ግን በ1920ዎቹ የኩባንያው ኬሚስት ሳሙኤል ሼፐርድ ነበር። ከሰናፍጭ ዓይነት ተክል የሚገኝ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በጄላቲኑ ውስጥ በጥቂቱ ካለ ፊልሙ ለብርሃን ንቁ ይሆናል። እንግዲህ ለሲኒማ መኖር ሰናፍጭ የበላ ከብትም ድርሻ አለው ማለት ነው።

ኢስትማን ቀጥሎ መስተዋቱን በሚጠቀለል ነገር ለመተካት ተነሣ። በመጀመሪያ በወረቀት ሞከረ፤ በ1888ም ኮዳክ የተባለውን፣ 100 ሥዕል የሚያነሣውን ካሜራ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በ1889 ደግሞ ተቀጣሪው ኬሚስት ሄንሪ ራይከንባክ ጥጥን በናይትሪክ አሲድ ከማዘጋጀት የሚገኘውን ናይትሮሴሉሎስ አሟሙቶ፣ የሚታጠፍና ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም ሠራ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ዲክሰን ይህንኑ ገዝቶ፣ ባለ 70 ሚሊ ሜትሩን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕልም በግራና በቀኝ 4፣ 4 ቀዳዳ አበጀለት። የ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም እንዲህ ተወለደ።

ታዲያ የፊልሙ ፈጣሪ ማን ነው? ዝናውን የወሰደው ኢስትማን ነው። ይሁን እንጂ ሐኒባል ጉድዊን የተባለ ቄስ ለዚህ ዓይነት ፊልም የፈጠራ መብት ያመለከተው በ1887 ነበር። መብቱን ያገኘው ከ11 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በ1900 ፋብሪካውን ሳያቋቁም ሞተ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ቀጥሎ፣ በ1914 የኢስትማን ኩባንያ ተሸንፎ መብቱን ለያዘው ድርጅት 5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ራይከንባክም ቢሆን በ1892 ከሥራ ተባሯል። ይህን የምናነሣው የሰውየውን ችሎታ ለማሳነስ ሳይሆን፣ ከአንድ ስም በስተጀርባ የብዙዎች እጅ እንዳለ ለማስታወስ ነው።

የናይትሬት ፊልም አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ እሳት ከነካው በውኃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አያቆምም። በመሆኑም ኩባንያው የማይቀጣጠል የአሲቴት ፊልም ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ1923 የወጣው ባለ 16 ሚሊ ሜትርም በዚሁ ተሠራ። ለሲኒማ ቤቶች ግን ናይትሬት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1951 ነው።

ኢስትማን አላገባም። ሀብቱን ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሕክምናና ጥቁር አሜሪካውያን ለሚማሩባቸው ለተስኪጊና ለሃምፕተን ትምህርት ቤቶች ሰጠ። በ1926 ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቷል። በመጨረሻ የአከርካሪ በሽታ ጸንቶበት፣ መጋቢት 14 ቀን 1932 በ77 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ኩባንያውም በ2012 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፤ በተከታዩ ዓመት ከዚያ ቢወጣም የቀድሞ ግርማውን አላገኘም።

እነሆ ወደ ቆርቆሯችን እንመለስ። እሳትን የመከተው አሲቴት በሙቀትና በእርጥበት ሲጎዳ ራሱን ወደ ኮምጣጤ ይለውጣል፤ የሸተተንም ይኸው ነው። ጉዳዩ የአንድ ጓደኛችን ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ35 ሚሊ ሜትር፣ በ1976 የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጹ ናቸው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተረሱ የሠርግ፣ የበዓልና የከተማ ሥዕሎችም ይኖራሉ። ሪያድ በ2018 ሲኒማ ቤቷን ዳግም ስትከፍት ዓለም ወደ ዲጂታል ተሻግሮ ነበር፤ ያለፈው ትውልዳችን ግን ገና በጥቅሉ ላይ ነው።

ስለዚህ ለወላጆቻችሁ እንድትጽፉ አደራ እንላለን። ያረጀ ፊልም ከጣራ ሥር ሙቀት ይነሣ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። የሚሸተው ከደኅናው ይለይ፤ በጣም ያረጀ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ከተገኘም ከእሳት ይራቅ። ጊዜ ሳያልፍ ወደ ዲጂታል ይገልበጥ። እኛም የጓደኛችንን ቆርቆሮ ነሲም ካለው የጣራ ክፍል አውርደን፣ ለማስገልበጫው ገንዘብ ማዋጣት ጀምረናል። ሥዕሉ ምን እንደ ሆነ ገና አላየንም።