ሳይናገሩ ማስተማር



ፒያሳ ያለውን ጣይቱ ሆቴል ታውቁታላችሁ። ዛሬ ሆቴል ገብቶ በልቶ ሒሳብ ከፍሎ መውጣት ለማናችንም አዲስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ይህን ሆቴል ሲከፍቱ ግን ምግብን በገንዘብ መሸጥም ሆነ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይታይ ነበር። እንግዳ ይጋበዛል እንጂ እንዴት ይከፍላል?

ሲነገር እንደኖረው፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሆቴሉ ገቡ፤ በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። መኳንንቱ ይህን ሲያዩ እፍረቱ ለቀቃቸው፤ እነሱም እየተጋበዙ ይመጡ ጀመር። ሌላው ሰው ደግሞ እነሱን አየ።

የእቴጌይቱን ሕይወት ብታዩት ይህ ነገር ይደጋገማል። ከምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከትለው በዙሪያቸው ሠሩ፤ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከጦሩ ጋር ነበሩ፤ በእግራቸው ወደፊት ሲሄዱ የታያቸው ወታደር ልቡ በረታ፤ ሴቶቹም በእንስራ ውሃ እየተሸከሙ ተዋጊውን አጠጡ።

በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። ሥልጣናቸው አለፈ፤ ሰው ከእሳቸውና ከባለቤታቸው አይቶ የያዘው ልማድ ግን ይኸው አለ።

እኛም ከሲራችን የምናውቀው ነው። በሑደይቢያ ሶሐቦች አዝነው ሀድያቸውን ከማረድ በዘገዩ ጊዜ፣ ቀድሞ ወደ ሐበሻ ተሰድደው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው እንዲያርዱና እንዲላጩ መከሯቸው። እሳቸውም እንዳሉት አደረጉ፤ ሶሐቦቹም ተነስተው ተከተሉ።

እስኪ ወደ ራሳችን እንምጣ። ልጃችንን አትዋሽ እያልን፣ እጁን ይዘን ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ በስልክ መገናኛ ደርሻለሁ የምንል ስንቶቻችን ነን? ልጁ ምክሩን ሰምቷል፤ ስልኩንም ሰምቷል። የሚይዘው ሲደረግ ያየውን ነው። ሶላት ስገድ ከማለታችን በፊት ስንሰግድ ይየን፤ ጎረቤት አክብር ከማለታችን በፊት ስናከብር ይየን።

ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ ቤት ውስጥ ማን እያያችሁ እንደሆነ ልብ በሉ።

አላህ ለቤተሰቦቻችን መልካም አርአያ ያድርገን። ጁምዓ ሙባረክ!