ከመጥረጊያ እስከ አውሮፕላን መሪ፦ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

  ዛሬ ከዘ ፐርል የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ይህ ሰው የአገራችን የአየር ኃይል አዛዥ ከመሆኑ በፊት ወለል ጠራጊ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የተወለደው በፍሎሪዳ ሲሆን አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተበት። እናቱ ይዛው ወደ ሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄደች፤ ያደገውም እዚያ ነው። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁር ልጅ ነጭ በሚማርበት ትምህርት ቤት አይማርም። አውሮፕላን እነዳለሁ ቢልማ ማን ይሰማዋል! እሱ ግን ልጅ ሆኖ አውሮፕላን አይቶ ነበርና ሐሳቡ ከዚያ አልተመለሰም። ቱስኬጊ በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተምሮ በፈረንጆች 1924 ጨረሰ፤ በኋላም ወደ ቺካጎ ሄዶ መኪና እየጠገነ ይኖር ጀመር።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የሚባል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ለመመዝገብ ቢጠይቅ በቆዳው ቀለም ምክንያት አልተቀበሉትም። ታዲያ ምን አደረገ? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ክፍሉን እየጠረገ ጆሮውን ወደ አስተማሪው ይጥላል፤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣል። ማታ ደግሞ የሰማውን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል። ከባልንጀራው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው ማኅበር መሥርተው ነበርና እሱ ቀን የሰማውን ማታ አብረው ያጠኑታል። በገዛ እጃቸውም አንድ አውሮፕላን ገጣጠሙ። ሥራቸውን ያየ አንድ አስተማሪ ስለ እነርሱ ተናገረላቸውና በሩ ተከፈተ። ሁለቱም በ1931 ተመረቁ፤ ከዚያም እዚያው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ ተደረገ።

ከተማሪዎቻቸው አንዷ ጃኔት ሃርመን የምትባል ነርስ ነበረች። ማኅበሩ የሚበርበት አውሮፕላን ሲቸግረው ከደመወዟ ያጠራቀመችውን 600 ዶላር አውጥታ አውሮፕላን ገዛች። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በሽተኛ እያስታመሙ ያገኙት ገንዘብ ክንፍ ሆኖ ሰው ሲያበር ማለት እኮ ነው። በኋላም ይህች ሴት አሜሪካ ለሄዱ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ወዳጅ ሆነች፤ አገራችንንም በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ጎብኝታለች።

ወደ ሮቢንሰን ልመለስ። ጣልያን አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በአሜሪካ ሕክምና ይማሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን ስለ እርሱ ሰሙ። በእነርሱ አማካይነት ተጋብዞ በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። አየር ኃይል ስል ግን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ፣ ብዙዎቹ ያረጁና መሣሪያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ናቸው። ጣልያን ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች አሰልፎ ነበር። በዚያው ዘመን ሙሉእመቤት እምሩ የምትባል የእኛው ልጅ የአውሮፕላን ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ጦርነቱ አቋረጠባት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ዐድዋን በቦምብ ሲደበድብ ሮቢንሰን እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ ሆነ። አስቡት፤ የሚተኩስበት ነገር የለውም። ጠላት ሲያሳድደው መድኃኒቱ ከደመናና ከተራራ መሐል መሰወር ብቻ ነበር። ቆስሏል፤ የመርዝ ጋዙም ደርሶበታል። አገሪቱ ልትያዝ ስትል ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ቺካጎ ሲገባ ሕዝቡ በሆታ ተቀበለው። ቡናማው ኮንዶር የሚል ስምም ወጣለት፤ ኮንዶር በአሜሪካ ያለ ትልቅ አሞራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን ልውሰዳችሁ። በምሠራበት ቤት ያለው ጎረምሳ ልጅ ክፍሉ ውስጥ የጦር አውሮፕላን መንጃ አለው። መሪው፣ የነዳጅ መስጫው፣ የእግር መርገጫው ሁሉ እንደ እውነተኛው ነው፤ ዐይኑ ላይ መነጽር አድርጎ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይበርራል። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ግን ሞተር ለማስነሣት ብቻ ስንት ቁልፍ በቅደም ተከተል ይነካል፤ የሚያጠናው መጽሐፍም ወፍራም ነው። ሲወድቅ አንድ ቁልፍ ይጫንና ከመጀመሪያው ይነሣል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ዙሪያ ብዙዎች ለመዝናኛ ይዘውታል። መነሻው ግን ጨዋታ አይደለም። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ፣ በኦርጋን ወናፍ የሚንቀሳቀስ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ አውሮፕላን የሚዋዥቅ ሣጥን ሠራ። መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ቦታዎች ነበሩ። በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ ሲያመላልስ በመጥፎ አየር ብዙ አብራሪዎች ሲያልቁበት ያን ጊዜ ስድስት ሣጥን ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚህ ሣጥን የሠለጠኑት አብራሪዎች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ናቸው።

ይህን የማነሣው የሮቢንሰንን ነገር ለመመዘን ነው። ያ ጽዳት ሠራተኛ እያለ የነበረው መለማመጃ ጭንቅላቱና ደብተሩ ብቻ ነው። በጦርነቱም ሲሳሳት ከመጀመሪያው የሚያስነሣው ቁልፍ አልነበረውም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ቃሉን ጠብቆ በ1936 ዓ.ም. ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን አስተማሪዎችን አስከትሎ ተመለሰ፤ ወጣት ኢትዮጵያውያንንም አብራሪነት ያስተምር ገባ። የበረራ ትምህርት እንዲህ ነው፤ አስተማሪና ተማሪ ሁለት መሪ ባለው አውሮፕላን አብረው ይወጣሉ፣ ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው ይይዝለታል፣ አንድ ቀን ግን አስተማሪው ወርዶ ብቻህን ሂድ ይለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገውም በዚያው ዘመን፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው።

ሕይወቱ እስከ መጨረሻው ሆታ አልነበረም። አየር ኃይሉን ለማደራጀት ከመጣው ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጣልቶ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። አገሩ ግን አልገባም፤ እኛው ዘንድ ቀረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. የሚያበርረው ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ መጋቢት 18 ቀን አረፈ። የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው። በሰው አገር ሠርቶ በሰው አገር መቅረት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንዳንዶቻችሁ፣ እሱ ወንድ ነው፣ ማታ ቤቱ ይገባል፣ እኛ የምናድረው ከምንሠራበት ቤት ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በቀን ስንት ሰዓት እንደምንሠራ እናውቀዋለን። የኳታር የ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይገባናል ይላል፤ ያን ቀን የምታገኝ አለች፣ የማታገኝም አለች። የሌላትን ለምን አልተማርሽም ብላችሁ እንዳትወቅሱብኝ።

እኔ ከዚህ ሰው የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። ሮቢንሰን የሰማውን ለብቻው ቢይዘው ኖሮ ብዙ የሰማ ጠራጊ ሆኖ በቀረ ነበር። ማታ ማታ ለጓደኞቹ ስላካፈለ ግን ማኅበር ሆኑ፣ አውሮፕላን ሠሩ፣ በር አስከፈቱ። ከእኛም መሐል የመንጃ ፈቃድ ያወጣች አለች፣ ዐረብኛ ማንበብ የቻለች አለች፣ ልብስ ስፌትና ኮምፒዩተር የለመደች አለች። እንዴት እንደተማራችሁ፣ ስንት ብር እንደፈጀ፣ ከየት እንደጀመራችሁ በግማሽ ገጽ ጻፉና ለዚህ ጋዜጣ ስጡ። ዕረፍት የሌላት እህታችን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ታነበዋለች።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ያሰማን።

እህታችሁ፣ ከዘ ፐርል